የሰብሌ እጆችና የጾም ቅቤ

የዚያ ዓመት ኅዳር ለቆዳ የሚራራ አልነበረም። ከወጨጫ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ከደጅ ሲወጡ ጉንጭን እንደ ሻካራ ጨርቅ አሽቶ ያልፋል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ደግሞ ፀሐዩ ይመጣና ነፋሱ የተወውን ይጨርሳል። የሕፃናቱ ፊት ነጭ በነጭ ይሆናል፣ የሴቶቹ ከንፈር ሲስቁ ይደማል፣ የየሱቁ ቫዝሊን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ሰው ውሃ ይጠጣል አይረካም፣ ይቀባል አይለሰልስም፣ ይቀመጣል ወዲያው ይነሣል። አንድ የጎደለ ነገር ያለ ይመስላል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚናገር የለም። ሰብሌ እጆቿን ከሰው መደበቅ የጀመረችው በዚያ ወራት ነው።

ሰብሌ ፀጉር ሠሪ ነበረች። አባትና እናቷ ከጎጃም መጥተው ኮልፌ ላይ ጎጆ ሲቀልሱ አካባቢው ገና ባሕር ዛፍና ማሳ ነበር፤ እሷም የተወለደችው እዚያው ነው። መጀመሪያ የጎነጎነችው የሰው ፀጉር አይደለም፣ ጓሮ የተተከለውን የበቆሎ ፀጉር ነው። እናቷ እሸት ልትቆርጥ ብትወጣ በቆሎው ሁሉ ሹሩባ ተሠርቶ ቆሞ አገኘችው ይባላል። ትምህርት ቤትም ገብታ ነበር። ከፊቷ የምትቀመጠውን ልጅ ፀጉር እየፈታች ስትሠራ ያገኛት አስተማሪ ቦታ ቢቀይራት፣ ከአዲሷ ልጅ ፀጉር ጀመረች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱም እሷም ተሰላቹና ተለያዩ።

እነዚያ እጆች ሥራ መፍታት አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ከጦር ኃይሎች በሚኒባስ ስትመጣ ከጎኗ የተቀመጡትን ሴትዮ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ የነጠላቸው ዘርፍ ሰብሌ ጭን ላይ ወደቀ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደርሰው ረዳቱ "መጨረሻ" ሲል ሴትዮዋ ነቅተው ነጠላቸውን ቢስቡት፣ ዘርፉ ከዳር እስከ ዳር በቀጭን በቀጭኑ ተጎንጉኗል።

"ምን አድርገሽኝ ነው ልጄ?" አሉ።

"እኔ እንጃ እማማ፤ እጄ ነው" አለች ሰብሌ።

ሴትዮዋ ዘርፉን አገላብጠው አዩት። "እንግዲህ ከጀመርሽው በዚያኛውም ጫፍ ጨርሺልኝ፤ እንዲህ አንድ ወገን ተሠርቼ ቤት ልግባ?"

ፌርማታው ላይ ቆመው ጨረሱት።

እንዲህ ያለ እጅ ታዲያ ባለቤቱንም አያስቀምጥም። ጦር ኃይሎች አንድ የውበት ሳሎን ገባች፣ ወጣች። አየር ጤና ገባች፣ ወጣች። ቤተል ገባች፣ ከዚያም ወጣች። ከማንም ተጣልታ አይደለም። "መስኮታቸው ግድግዳ ነው የሚያሳየው" ትላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ወንበራቸው ይንጫጫል" ትላለች። ትዳርም ሞክራ ነበር። ባሏ ረጅም መንገድ የሚነዳ ደግ ሾፌር ነበር፤ እሱ ሲመጣ እሷ የለችም፣ እሷ ስትመጣ እሱ የለም፤ ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ ተረሳሱ።

ሳሎኖቹ ውስጥ ፀጉር የሚለሰልስበት መድኃኒት ኃይለኛ ነው። ባለቤቶቹ ጓንት ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ያጠልቃሉ፣ ሰብሌ አታጠልቅም። "በጓንት ፀጉሩ አይሰማኝም" ነው ምክንያቷ። እውነቷን ነበር። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ የትኛው ፀጉር እንደሚበጠስ፣ የትኛው እንደሚችል ትለይ ነበር። መድኃኒቱ ግን ይህን አያውቅላትም። መጀመሪያ የጣቶቿ ጫፍ ደረቀ፣ ከዚያ በአንጓዎቹ ላይ ተሰነጠቀ። በዚያ ኅዳር ስንጥቁ ይደማ ጀመር፤ መዳፏም ላይ ቅርፊት ወጣ። ቫዝሊን ቀባች። ግሊሰሪን ቀባች። ጎረቤት ያዘዘላትን ሬት ቀባች። ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ያባብላትና ይተዋታል።

አንድ ቀን ቤተል በሚገኘው ሳሎን ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ የሰብሌን እጅ አየችና አንገቷን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። "ይቅርታ እህቴ፤ ሌላ ሰው ይሥራኝ" አለች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችው ደግሞ የማይሰማባት መስሏት ለጓደኛዋ፣ "ዘነበወርቅ ሄዳ ብትታይ ነው የሚሻላት" አለች። ካስክ ሥር ያለ ሰው ድምፁ ምን ያህል እንደሚጎላ አያውቅም። ቤቱ ሁሉ ሰማ።

ዘነበወርቅ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ነው። ሰብሌ ያደገችው ግን የዚያ ሰፈር ስም ሲነሣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው በሚስቡበት ዘመን ነው፤ ያኔ ስሙ ሲጠራ ሰው የሚያስበው ሥጋ ደዌን ብቻ ነበር። እዚያ ገብታ ታይታ ወሬው ኮልፌ ከደረሰ ደግሞ ማንም ራሱን አይሰጣትም። ሚዶዋንና ሽርጧን በፌስታል አድርጋ ከሳሎኑ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ እጆቿ ከነጠላ ሥር አይወጡም።

ከሁሉ የከበዳት የምህረት ነገር ነበር። ምህረት የእፀገነት ልጅ ናት፤ እፀገነት ደግሞ ከሰብሌ ጋር አጥር የምትጋራ ጎረቤቷ። ምህረትን ከሕፃንነት ፀጉሯ ጀምሮ ከሰብሌ በቀር የጎነጎናት የለም። "እታለም" ብላ ነው የምትጠራት፤ እናቷን በስሟ ስትጠራ ሰብሌን እታለም ትላለች። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ለሠርጉ ቬሎ ነው፣ ያን ፀጉር ሳሎን ይሠራዋል። ለመልሱ ግን ካባና ሹሩባ ነው፤ የመልሱን ሹሩባ ሰብሌ እንደምትሠራ የተነገረው ምህረት ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ነው። አሁን በእነዚህ እጆች የሙሽራ ራስ እንዴት ይነካል? ሰብሌ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከቤት ትወጣለች፣ እስከ ማዞሪያው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ውሃ ጥዳ ትረሳለች፣ እንደገና ትወጣለች።

እንዲህ ስትመላለስ ነው ጋሽ ይገዙ ያገኟት። ጋሽ ይገዙ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ማዞሪያው አጠገብ ከተከፈተ ብዙ ዓመት የሆነው ጁስ ቤት አላቸው።

"አንቺ ሴትዮ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው በደጄ የምታልፊው? ሥራ የለሽም?"

"የለኝም።"

"ምን ትችያለሽ?"

"ፀጉር።"

"አቮካዶ ፀጉር የለውም።"

"ቅርጹ ግን የሰው ራስ ነው" አለች ሰብሌ።

ጋሽ ይገዙ ሳቁ። ከዚያ እጇን እንድታሳይ ጠየቋት። ዘወር ብላ ልትሄድ ነበር፤ ምን እንደያዛት እንጃ፣ ነጠላዋን ገለጠችና ዘረጋችላቸው። አላፈገፈጉም።

"እሳት ነው?"

"የፀጉር መድኃኒት ነው።"

"እንግዲያው በዚህ እጅ ሰው የሚጠጣውን አትነኪም። ከጓሮ ተቀመጪና ምረጪልኝ።"

ሥራው ይህ ነበር፤ ከደቡብ በሳጥን የሚመጣውን አቮካዶ መለየት። ጮርቃው ለብቻ፣ ለነገ የሚደርሰው ለብቻ፣ የዛሬው ለብቻ፣ አልፎበት የበለዘው ደግሞ ለመጣል። ሰብሌ አውራ ጣቷን ፍሬው በተንጠለጠለበት ጫፍ በኩል ሳብ፣ ጫን ስታደርግ ፍሬው የት እንደደረሰ ይነግራት ጀመር። ያለፈበቱ መዳፏ ላይ ይፈርጣል። ቅባቱ በጣቶቿ መሃል ይገባል፣ በስንጥቁ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ቆዳ ያርሰዋል። እጇ ሥራ ሲፈታ አያርፍምና የልጣጩን ውስጠኛ ገጽ ይዛ ክርኗን ታሻለች፣ ተረከዟን ታሻለች፣ የእጇን ጀርባ ታሻለች፤ ከዚያ ታጥባ እንደገና ትመርጣለች።

የጥምቀት ሰሞን ስንጥቆቹ ጠበቡ። ቅርፊቱ ረገፈ። የክርኗ ሻካራ ነገር ጠፍቶ የእጇ ጀርባ ወዝ አወጣ። አቮካዶው ይሁን፣ ከመድኃኒቱ መራቋ ይሁን ሰብሌ አልጠየቀችም። ጋሽ ይገዙም አይተዋል። "ሰብልዬ፣ ደንበኛ በማንኪያ የሚጠጣውን አንቺ በክርንሽ ጠጣሽው" አሏት።

ዝም ብሎ መዳን ደግሞ አልሆነላትም። ለመጣል የተለየውን፣ ያልተበላሸ ያልተበላሸውን፣ ጋሽ ይገዙን ጠይቃ በፌስታል ወደ ሰፈር ትወስድ ጀመር። በየቤቱ እየገባች ነው። ሳትቀመጥ፣ መዝጊያ ላይ ቆማ። "ፊታችሁን ታጠቡ። አንድ ማንኪያ በደንብ ድቃችሁ በስሱ ተቀቡ። ደርቆ ሳይጨመድድ በለብታ ውሃ ታጠቡት። ለተረከዝ ወፈር አድርጉት። ቁስል ያለበት ላይ አታድርጉ፣ ያቃጥላል፤ እኔ አይቼዋለሁ።" ትልና ወደሚቀጥለው ቤት። አንድ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን አረንጓዴ አድርገው በረንዳ ላይ ተደርድረው ሲተያዩ የሚስቁት ሳቅ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

"ባሌ አሁን ቢመጣ ዳቦ ይዞ ነው የሚቀርበኝ" አለች አንዷ።

"ሎሚና ቃሪያ ጨምሪበት እንጂ፣ እንዲህ በባዶውማ አይበላሽም" አለቻት ሌላዋ።

ጨርቃ ጨርቅ የምትነግደው ጎረቤታቸው አልፊያ ግን በመስታወት ፊቷን ትመረምራለች። "ሰብሌ፣ ልስላሴውስ እውነት ነው። ድርቀቱም ሄዷል። ማድያቴ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።"

"እሱን አላውቅም" አለች ሰብሌ። "እኔ ይለሰልሳል አልኩ እንጂ ሌላ ፊት እሰጣችኋለሁ አላልኩም።"

ሁዳዴ ገባ። በእፀገነት ቤት በጾም ቅቤ ራስ ላይ አይደረግም፤ ከአናት ወርዶ በግንባር በኩል አፍ ይገባል ብላ እናቷ ከልጅነቷ ከልክላታለች፣ እሷም ለልጇ ያንኑ አወረሰች። የምህረት ፀጉር ደግሞ ሳሎን በተለሰለሰ ቁጥር ደርቆ ጫፉ የሚበጠስ ሆኗል። ሹሩባ የሚችል ፀጉር እንዲሆን አስቀድሞ ሳምንታት ቅቤ መጠጣት አለበት። ጾሙ እስኪፈታ ቢጠበቅ ሠርጉ ደርሷል። ሰብሌ ይህን ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "እፀገነት፣ የጾም ቅቤ አገኘሁ" አለች።

ለፊት እንዴት እንደሚቀባ ለሰፈሩ ያስተማረች ሴት ናት። ነገሩ ፀጉር ሲሆን ግን እጇ የሚያውቀው ቅቤን ብቻ ነው። ምህረትን ግቢው መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ፀጉሯን ከፈል ከፈል አድርጋ አቮካዶውን ከሥሩ ጀምራ፣ ቅቤ እንደሚደረገው፣ አፍና ለደፈችበት። አናቷ ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ አሳርፋ፣ "በይ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፤ ይቅለጥና ወደ ሥር ይግባ" አለቻት።

ቅቤ ፀሐይ ሲያገኝ ይቀልጣል፤ አንገት ላይ ይወርዳል፣ ጆሮ ሥር ይጠራቀማል፣ ራስ ይጠጣዋል። ሰብሌ ያንን ትጠብቃለች። ተነሥታ ታያለች፣ ትቀመጣለች፣ ተነሥታ ታያለች። አቮካዶው አይወርድም። አረንጓዴው መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ።

"እታለም፣ ይሄ ነገር እየሳበኝ ነው" አለች ምህረት።

"እየገባ ነው፣ ታገሺ።"

"ዝንብ መጣ።"

"ጣፋጭ ስለሆንሽ ነው" አለችና ሰብሌ ሻሽ አምጥታ ጠፍራ አሰረችላት። ቅቤ የተቀባች ሴት በሻሽ ታስራ አይደል የምታድረው። እስከ ማግስቱ እንዳትፈታው አዘዘቻት።

በማግስቱ ሻሹ ሲፈታ እፀገነት አፍንጫዋን ያዘች። አቮካዶው በየፀጉሩ ሥር እንደ ጭቃ ግርግዳ ደርቆ ተጣብቋል፤ ሽታውም እንደ ተረሳ ዕቃ ሆኗል። ባኞ ቤት አስገብተው አጠቧት፤ አልለቀቀም። ሳሙና ጨመሩ፣ ሻምፖ ጨመሩ፣ ሞቅ ያለ ውሃ አመጡ። ሰብሌ ጓንት አላጠለቀችም። ቅርፊቱን በሚዶና በጥፍሯ ስትለቅም ግማሹ ከፀጉር ጋር ተነቅሎ መጣ። ሲጨርሱ የምህረት ራስ ቆዳ ቀልቷል፣ የሰብሌ ጣቶች ደግሞ በሳሙናው ብዛት ከየአንጓቸው ተከፍተው ፎጣውን ደም አስነክተዋል።

እፀገነት ፎጣውን አየች። ከዚያ የሰብሌን እጅ አየች። እስከዚያ ቀን በቅርብ አይታው አታውቅም ነበር።

"ሰብልዬ፣ አትቀየሚኝ" አለች ቀስ ብላ። "ለመልሱም ሳሎን ልንይዝ ነው።"

"መልካም" አለች ሰብሌ። ቤቷ ገብታ ቆመች። መቀመጥ ስላልቻለች ቆማ ዋለች።

በማግስቱ ምህረት ሳታንኳኳ ገባች። ራሷ ላይ ስስ ሻርፕ ጣል አድርጋለች።

"ተነሺ ልብስሽን ልበሺ።"

"ወዴት?"

"ዘነበወርቅ።"

ሰብሌ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ሰው ያየኛል ምህረት።"

"እኔም አብሬሽ እታያለኋ።"

"ሙሽራ እዚያ አይሄድም።"

"ሙሽራዋን ጭንቅላቷን ያሳክካታል፤ ማን እንዲህ እንዳደረጋት ደግሞ ልትናገር ነው።" ምህረት አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። "እታለም፣ እኔን የምትሠሪኝ ከሆነ ዛሬ ትሄጃለሽ። የማትሠሪኝ ከሆነ አሁን ንገሪኝ፤ እኔም ቁርጤን ልወቅ።"

ሰብሌ ጫማዋን አደረገች።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ዘነበወርቅ፣ ዘነበወርቅ" ባለ ቁጥር ሰብሌ ስሟ የተጠራ ያህል ትደነግጥ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ያየችው ግን የጠበቀችውን አልነበረም። ክራቫት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ መሳይ ሰው፣ ፊቱ ብጉር የወረሰው ተማሪ፣ ጉንጩ ላይ ጭርት የወጣበት ሕፃን የታቀፈች እናት። ተራዋን ስትጠብቅ አግዳሚው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ፊቷን በሻርፕ ከልላ ተቀምጣለች። ሰብሌ ትክ ብላ ብታይ አልፊያ ናት።

"አንቺም?" አለች ሰብሌ።

"ማድያቴ አልተነሣም ብዬሽ የለም እንዴ" አለች አልፊያ። ሻርፑን ከፊቷ ላይ አወረደችና ተጠግታ ቦታ ሰጠቻት። "ተቀመጪ፤ አትንቆራጠጪ። ከቆምሽ ሰው ሁሉ ያይሻል፣ ከተቀመጥሽ አንቺም እንደኛ ነሽ።"

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። የሰብሌን እጅ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት። ሰብሌ ስለ ሳሎኑ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ አቮካዶው፣ ስለ ጾም ቅቤውም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሐኪሟ ወደ ምህረት ራስ ቀና ብላ ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች።

"እናቴ፣ ይሄ የሚጋባ በሽታ አይደለም" አለቻት። "ቆዳዎ መድኃኒቱን ጠልቶ ነው። ከእሱ መራቅዎ አድኖዎታል፤ አቮካዶውም ረድቶዎታል። ቅባቱ በቆዳው ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ለደረቀ ቆዳ ምግብ ነው። በተሰነጠቀና በደማ ላይ ግን አይሆንም፤ ምግብ ስለሆነ ይበላሻል። ሲቀቡትም ቶሎ ይታጠባል እንጂ አብሮ አይታደርም።"

"ቅቤ መስሎኝ" አለች ሰብሌ።

"ቅቤ አይደለም።"

ለምህረት ራስ የሚታጠቡበት ነገር ታዘዘላት። ለሰብሌ የሚቀባ መድኃኒትና በላዩ የሚጠለቅ ስስ የጥጥ ጓንት ታዘዘላት። ውሃ የለም፣ ሳሙና የለም፣ ፀጉር የለም። "እጅዎን ያሳርፉ" አለቻት ሐኪሟ።

"ማሳረፍ እንዴት ነው?"

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ምህረት ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሰብሌ ካሳለፈቻቸው ሁሉ የከበዱ ነበሩ። እህሏን እፀገነት እያመጣች ትሰጣታለች፤ ዕቃ እንዳታጥብ አልፊያ መጥታ ታጥብላታለች። ሰብሌ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ በር ላይ ትቀመጣለች። የሚያልፈውን ፀጉር ታያለች። ያልተስተካከለ ክፍል ስታይ፣ የተፈታ ጫፍ ስታይ ጣቶቿ በጥጡ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ብድግ ብላ እስከ ጁስ ቤቱ ትሄዳለች። ጋሽ ይገዙ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት፣ "የአቮካዶ ዳኛ መጣች፣ ዳኛ መጣች፤ ጓንቷን አጥልቃለች" ይላሉ። ሳጥኖቹን ከሩቅ ታያለች፣ "ያ ከታች ያለው አልፏል፣ አውጡት" ትላለች፣ ትመለሳለች። መዳፏን ጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጥበታለች። አንድ ቀን የበሯን መጋረጃ ዘርፍ ልትጎነጉን ጀምራ እፀገነት ስትገባ እንደ ሌባ ለቀቀችው።

"አየሁሽ" አለች እፀገነት።

"አንድ ብቻ ነው።"

"ፍቺው።"

ፈታችው። ያን ዕለት እፀገነት ወዲያው አልሄደችም። ደጃፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና የሳሎኑን ቀጠሮ እንዳልያዘች፣ ምህረት እንደከለከለቻት ነገረቻት። "እጇ ካልደረሰ ፀጉሬን ለቅቄው እገባለሁ አለችኝ። ሙሽራ ፀጉሯን ለቅቃ መልስ ትግባ? እንግዲህ ቶሎ ዳኚልን" አለች።

ሰሙነ ሕማማት ሲመጣ ትንሽ ቀለላት። ስግደት አለ። ከጓንቷ ጋር ወድቃ ትነሣለች፤ እጇ ምንም ሳይሠራ ሰውነቷ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ይተኛል። በፋሲካ ማግስት ጓንቱን ብታወልቅ ቆዳው ገጥሟል። ስስ ነው፤ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀላ ያለ። ጨበጠችው፣ ዘረጋችው። አልተከፈተም።

የመልሱ ዕለት ማለዳ ምህረት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯ ባለፉት ሳምንታት በመጠኑ አገግሟል። ጾሙ ተፈትቷልና እፀገነት ቅቤ አመጣች፤ ሰብሌ ግን በጣቷ ጫፍ ትንሽ ብቻ ነክታ ወሰደች። ከግንባሯ ጀምራ ከፈለች። መጀመሪያ ጣቶቿ ዘገምተኛ ነበሩ፣ የሰው እጅ የተዋሰች ይመስል። ሦስት አራት ከሠራች በኋላ ግን የፀጉሩ ነገር ይሰማት ጀመር፤ የትኛው እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል። የሚሳሳውን ከሚበረታው ጋር እያጋባች ሄደች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ይወጠራል፣ ሴቶች ይጣራሉ፣ እፀገነት ትገባለች ትወጣለች። ሰብሌ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ያን ዕለት ያዩዋት ሁሉ የሚያወሩት ይህን ነው፤ ያቺ ሴት ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አንድ ቦታ ቆመች።

ወደ ምህረት ማጅራት ስትደርስ አውራ ጣቷ ላይ አንዱ ስንጥቅ ተከፈተ። ማንም ሳያይ በፕላስተር ጠቀለለችውና ቀጠለች። የመጨረሻውን ጫፍ ቋጠረች።

"አለቀ?" አለች ምህረት።

"አለቀ።"

"ታዲያ ለምን እጅሽን ከራሴ ላይ አታነሺም?"

"ላነሣ ነው።"

ምህረት እጇን ወደ ላይ ሰድዳ የሰብሌን ጣቶች ያዘች። ፕላስተሩን ነካችው። እፀገነት ካባዋን ልታለብሳት ስትመጣ ምህረት ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ሰብሌ የሰው ፀጉር አልሠራችም። አንድ ራስ አንድ ጣት እንደሚያስከፍላት አውቃለች፤ ለአንድ ራስ መክፈሉንም ወድዳ ነው ያደረገችው። ጠያቂ ቢመጣ ዘወር ብላ ወደ ሌላ ትልክ ነበር። እንደገና በደጃፍ መመላለስ ጀመረች። ግንቦት ላይ ጋሽ ይገዙ፣ ይርጋለም በኩል ለዘይት የሚሆን አቮካዶ የሚረከቡ ሰዎች ውሃ ሳይነካ በደረቅ እጅ የሚለይ መራጭ እንደሚፈልጉ ነገሯት። ዘይቱ ለቅባትና ለሳሙና እንደሚሆን ሰምተዋል። ሰብሌ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችበትም። የቤቷን ቁልፍ ለእፀገነት ሰጥታ፣ ልብሷን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ሄደች። ምህረት ልትሸኛት ስትደርስ አውቶቡሱ ተነሥቷል።

ጋሽ ይገዙ ባለፈው ጥር ለጭነት ወርደው አግኝተዋታል። ይርጋለም ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት መረከቢያው ግቢ አቮካዶ ትመርጣለች። የጥጥ ጓንት ታጠልቃለች። እስከዚያ ወር ድረስ እዚያው ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።